የክረምቱ ደጅ፤ በቦንጋ ቤተሰብን ወደ ደን ስለ ማውጣት

(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ልንናገርበት የመጣነው ጉዳይ ስሙ ሲነሣ ለጊዜው ያስቃል። ይኸውም በከፋ አገር በክረምት ወራት አባትን፥ እናትንና ልጆችን ከቤት አስወጥቶ ወደ ደን ስለ መውሰድ ነው። ሐሳቡን መጀመሪያ ለጓደኞቻችን ባዋየናቸው ጊዜ አንዱ «ከቦንጋ ዝናብ የሚሸሽ እንጂ ወደ ቦንጋ ዝናብ የሚወጣ ሰው አይተን አናውቅም» ብሎ አሳቀብን። እውነቱን ነው። እኛም ራሳችን፥ ከመካከላችን ከፋ ተወልደው ያደጉት እንኳ ሳይቀሩ፥ ክረምትን የምናውቀው በመስኮት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በሥዕል ነው። ካቻምና ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል በቦንጋ ከተማ ለሚኖሩ ሃያ ያህል ልጆች ወረቀትና ቀለም ሰጥተን «ደንን ሣሉልን» አልናቸው። ሁሉም ዛፍ ሣሉ፤ ከዛፉ አጠገብ ቤት ሣሉ፤ ከቤቱ በላይ ፀሐይ ሣሉ። ዝናብ የሣለ አንድም ልጅ አልነበረም። ይህ ሲሆን በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ እርስ በርሳችን እንዳንሰማማ አድርጎን ነበር። አንደኛው ልጅ ከዛፉ ሥር አንበሳ ጨመረበት፤ እኛም ከመጽሐፍ የቀዳው መስሎን ሳቅን። በኋላ ስናስበው ግን በከፋ ደን ውስጥ አንበሳ ዛሬም አለና ከሁሉ ይልቅ ወደ እውነት የቀረበው ያ ልጅ ነበር። ከእነዚያ ልጆች ደን ውስጥ ገብተው የሚያውቁት ስንት እንደ ሆኑ ጠየቅን፤ እጃቸውን ያነሡት አራት ናቸው። ደኑ ከሚማሩበት ክፍል ደጃፍ ቆመው ቢያዩት ይታያል።

እስቲ አገሩን በጥቂቱ እናስታውሳችሁ። ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሄዱ የምትገኝ፥ በ2014 ዓ.ም. ከተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ዋና ከተሞች አንዷ ናት። አካባቢው በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። ዝናቡም በሰሜኑ አገር እንደምናውቀው በሰኔ ገብቶ በመስከረም የሚወጣ አይደለም፤ በመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ቀረሮው፥ ዋንዛው፥ ብሳናው፥ ከደጋውም የአዲዮ ቀርከሃ፥ ከእነርሱም ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው የዱር ቡና፥ ኮረሪማውና ጥምዙ፥ ሁሉም የቆመው በዚህ ውሃ ነው። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የከፋን ምድር ከያዩ ጋር በባዮስፌርነት ሲመዘግብ ዋናው ምክንያቱ ይኸው ደን፥ በተለይም የዐረቢካ ቡና የዱር ዘር መገኛ መሆኑ ነው። በቦንጋም ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ተሠርቷል። «ኮፊ» የሚለው የፈረንጆች ቃል ከከፋ ስም የመጣ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለቋንቋ መምህራኖቻችን እንተወዋለን፤ ሌሊቱ አይበቃንምና።

አማርኛችን ራሱ ክረምትን እንዴት እንደሚያየው ልብ በሉ። ክረምት «ከረመ» ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ዘር ነው። የሚከረምበት፥ ማለት ቤት ተቀምጦ የሚታለፍበት ጊዜ ነው። ለደጋ አራሹ እንኳ ይህ ስም ሙሉ እውነት አይደለም፤ ገበሬው በሐምሌ ከማሳው አይጠፋም፤ እረኛውም ገሳውን ለብሶ ከብቱን ይጠብቃል። ስሙ የወጣው፥ ይመስለናል፥ ከእሳቱ ዳር ለተቀመጠው ሰው ነው። ስምንት ወር በሚዘንብበት አገር በዚህ ስም የሚኖር ሰው ከዓመቱ ሁለት እጁን ከርሞ ያሳልፋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንምጣ። በአገራችን ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚሰጠው ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በበጋ ነው። ምክንያቱም መንገዱ ደረቅ ነው፤ መኪና ይገባል፤ በጀቱም ተለቅቋል። ቦታው አዳራሽ ነው። የሚጠራው የቤቱ አባወራ ነው፤ እናት ብትመጣ ከኋላ ትቀመጣለች፤ ልጅ አይጠራም። ሥዕል በግድግዳ ላይ ይታያል፤ ሻይ ይጠጣል፤ አበል ይፈረምበታል። እኛም ይህን ስንናገር ከሌላው የተሻልን ሆነን አይደለም። የመጀመሪያውን ንግግራችንን ያደረግነው እንደዚሁ በአዳራሽ፥ በጥር ወር፥ አቧራ በበዛበት ቀን ነበር። የተናገርነውም ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የሸመደድነውን ነው፤ ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ በደን የተሸፈነች ነበረች፥ አሁን ግን 3 በመቶ ቀርቷል የሚለውን። ንግግሩ ካለቀ በኋላ አንድ መምህራችን ወደ ጎን ጠርተው «ይህን አኃዝ ማን ለካው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በኋላ ፈልገን ስናነብ የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ ይኸው የ40 በመቶ አኃዝ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ የመጣ እንጂ መሠረቱ የማይታይ መሆኑን መርምረው እንዳሳዩ አገኘን። ደን አልተመነጠረም አንልም፤ በከፋም ሲመነጠር በዓይናችን አይተናል። ነገር ግን ደኑ በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ እኛ ለሕዝቡ ያስተማርነው ማንም ያልለካውን ቁጥር ነበር። ይህ ነገር ብዙ ቀን አሳፈረን።

በዚያ አዳራሽ ከነበሩት አንድ አባት ንግግሩ ሲያልቅ የተናገሩት ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ቆየን። «ልጆቼ፥ ደጉን ተናገራችሁ፤ ነገር ግን ደኑ የሚሠራው በክረምት ነው፤ በክረምት የት ናችሁ?» አሉ። ሰው ሳቀ። እኛ በክረምት የት እንደ ነበርን ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ክረምት ሄድን። በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ነው። የመጀመሪያ ቀን ያየነውን አንድ ነገር ብቻ በሰፊው እንነግራችኋለን፤ የቀረው ሁሉ ከእርሱ የሚወጣ ነውና።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጧት አባራ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሁለት ትናንሽ ወንዞች አሉ፤ ወንዝ ከማለት ጅረት ማለት ይሻላል። አንደኛው የሚመጣው ከደን ውስጥ ነው። ሁለተኛው ከዐሥር ዓመት ወዲህ ለበቆሎ ከተመነጠረ ተዳፋት ነው። ልጆቹ ከሁለቱም በጠርሙስ ቀዱ። ከደኑ የመጣው እንደ ቀጭን ሻይ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ጣት ከበስተኋላው ሲይዙ ጣቱ ይታያል። ከበቆሎው ማሳ የመጣው እንደ በርበሬ ድልህ ቀይ ነው። ሁለቱንም ጠርሙሶች በአንድ ቤት መስኮት ላይ አስቀምጠናቸው በማግስቱ ሄደን ስናይ፥ ከቀዩ ጠርሙስ ሥር ሁለት ጣት ያህል አፈር ዘቅጧል። የቤቱ ባለቤት አፈሩን በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ዳሰሱትና «ይህ እኮ የላዩ አፈር ነው፤ ዘር የሚያበቅለው» አሉ። እኛ በአዳራሽ ውስጥ ስለ አፈር መሸርሸር አርባ ደቂቃ ተናግረን ነበር።

ወደ ደኑ ስንገባም የዝናቡ መንገድ በግልጥ ይታያል። ዝናቡ መጀመሪያ የሚመታው የትልልቆቹን ዛፎች ቅጠል ነው፤ ከዚያ ወደ መካከለኞቹ፥ ከዚያ ወደ ቡናው፥ ከቡናው ወደ ፈርኑና ወደ ኮረሪማው ይወርዳል። ከፊሉ ከቅጠሉ ላይ ተመልሶ ይተናል፤ ከፊሉ በግንዱ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ የዛፉ ግንድና ቅርንጫፍ የለበሰው ሽበትም ጥቂቱን መጥጦ ይይዛል። መሬት ሲደርስ ጉልበቱ ደክሟል። የሚያርፈውም በባዶ አፈር ላይ ሳይሆን ብዙ ዓመት በተከማቸ ቅጠል ላይ ነው። ልጆቹ ያን ቅጠል በእጃቸው ገለጥ አድርገው ከሥሩ ያለውን ጥቁር አፈር ጨበጡ፤ እንደ ስፖንጅ ነው፥ ሲጨብጡት ውሃ ይወጣዋል። ይኸው ውሃ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰርግና ከወራት በኋላ በምንጭ ይወጣል። ከመካከላችን አንዷ ለእናቶቹ ያስረዳችው በአጭሩ ነው፤ «በጥር የምትቀዱት ውሃ የሐምሌ ዝናብ ነው» አለቻቸው። አንዲት እናት ቆም ብለው ወደ ላይ ወደ ዛፉ ተመለከቱና «እንግዲያስ ጋኑ ይህ ነዋ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛም የምናስተምረው በእርሳቸው ቃል ነው።

የዚያ ጋን ውሃ ለቦንጋ ብቻ አይደለም። ጎጀብ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ሞልቶ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። ማታ ማታ የምናጠናበት መብራት በከፊል ከከፋ የሐምሌ ዝናብ ጋር ዘመድ መሆኑን ለምህንድስና ተማሪዎች ጓደኞቻችን እናስታውሳለን።

ነገር ግን የመጀመሪያው ጉዟችን በሰው ብዛት ሲመዘን ወድቋል። ዐሥራ አምስት ቤተሰብ ጠርተን የመጡት ሦስት ናቸው። ለምን እንደ ቀሩ ቤት ለቤት ሄደን ጠየቅን። ከዚህ የተማርነውን ከማንኛውም መጽሐፍ አልተማርንም።

አንደኛ፥ የጠራናቸው ከቀትር በኋላ ነው። በከፋ በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ መሆኑን የአገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ እኛ ግን የጠራነው ለእኛ እንዲመቸን ነበር። ወደ ጧቱ 2 ሰዓት ስናዞረው ሰው በዛ። ሁለተኛ፥ እናቶች «ለሽርሽር» የሚወጡበት ጊዜ የላቸውም። እንጨትና ውሃ የሚሄዱበትን ያንኑ መንገድ ስንከተልና ሸክማቸውን በመልስ ጉዞ ተካፍለን ስንይዝ ጊዜ ተገኘ። ከመካከላችን አንዱ የውሃ ጀሪካን ተሸክሞ ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደ ወደቀ ልንነግራችሁ አንወድም፤ እዚሁ ተቀምጧልና። ሦስተኛው ምክንያት ጫማ ነው። ለመሳቅ አትቸኩሉ። የከፋ ዐይነቱ ቀይ ሸክላ አፈር ባዶ እግሩን ብዙ ዓመት ለሚረግጠው ሰው እግርን የሚያሳብጥ በሽታ ያመጣል፤ በአገራችን ደጋዎች በብዙ ቦታ ይታወቃል። በትንኝ ከሚመጣው የዝሆኔ በሽታም የተለየ ነው። መከላከያው ጫማና እግርን መታጠብ ነው። አንድ አባት «ልጄን በባዶ እግሯ ጭቃ ውስጥ ልታስገቡ ነው?» ብለው ሲቆጡን ያውቁት ኖሯል፤ እኛ ነን ያላወቅን። ስለዚህ ጫማ የሌለው ልጅ አይወጣም የሚል ደንብ አወጣን፤ ደንቡ ደግሞ ድኾቹን ቤት አስቀረ። ይህ እስካሁን አላለቀም፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ፍርሃትም አለ፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። መብረቅ አለ፤ ደራሽ ውሃ አለ፤ ተዳፋት ይናዳል። በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከእኛ ብዙ በማይርቀው በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተናደ፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጠውን ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ ቀበረው፤ ከ200 ሰው በላይ ሞተ። ከዚህ ወዲያ «ልጅ በክረምት ከቤት አይውጣ» የሚል ወላጅ ቢኖር ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን ከሟቾቹ ብዙዎቹ ጎረቤቶቻቸውን ሊያድኑ የሮጡ ሰዎች ናቸው። ቤት መቀመጥ ከናዳ አያድንም። የሚረዳው ተዳፋቱን ማወቅ ነው፤ መሬት ሲሰነጠቅ፥ የቆመ ዛፍ ሲዘም፥ ምንጭ ባልነበረበት ቦታ ውሃ ሲፈልቅ ወይም የኖረ ምንጭ በድንገት ሲደፈርስ ማየት፥ አይቶም መራቅና ለጎረቤት መንገር። ይህን በበጋ በአዳራሽ ውስጥ ማስተማር ይቻላል ይሆናል፤ እኛ ግን ሞክረነው አልሆነልንም። በክረምት በተዳፋቱ ዳር ቆሞ ስንጥቁን በዱላ እየለኩ ማሳየት ግን ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ዝናቡ ሲበረታ እንመለሳለን፤ የሞላ ወንዝ አንሻገርም፤ ነጎድጓድ ሲሰማ ከብቸኛ ዛፍ ሥር አንቆምም። ይህን ደንብ ልጆቹ ከእኛ ይልቅ አጥብቀው ይጠብቁታል።

አሁን ልንናገረው የከበደንን እንናገር።

ደኑን ከማንም በላይ የሚያውቁት በከፋ ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ናቸው። ብዙ ዘመን በአደንና ከደን በሚገኝ ሲሳይ ኖረዋል፤ እንጨትና ከሰልም ለከተማው የሚያቀርቡት በብዛት እነርሱ ናቸው። ከሌላው ሕዝብ ጋር አብሮ መብላት፥ መጋባት፥ ቤት መግባት ለዘመናት ተከልክለው መኖራቸውንም ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤ ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የሰውን ሁሉ እኩልነት ቢያውጅም ስኒው ገና አልሰማም። እኛ በሦስተኛው ጉዞ መንገድ እንዲመሩን የለመንናቸው ሽማግሌ ከእነዚህ ወገኖች ነበሩ። እርሳቸው ሲመሩን ያየነው ደን ከዚያ በፊት ያላየነው ነው። እኛ የአንዱን ተክል የላቲን ስም ከአፋችን ሳንጨርስ እርሳቸው በከፊኛ ስሙን፥ የሚያብብበትን ወር፥ ንብ ይወደው እንደ ሆነ፥ ከብት ቢበላው የሚሆነውን ይነግሩናል። የኮረሪማ ፍሬ ከላይ ከቅጠሉ ሳይሆን ከሥሩ፥ ከአፈሩ ጥግ እንደሚገኝ ለልጆቹ ያሳዩአቸው እርሳቸው ናቸው። ጉሬዛዎቹ ከዝናብ በኋላ ጠጉራቸውን ለማድረቅ ወደ የትኛው ዛፍ ጫፍ እንደሚወጡ ነግረውን፥ ቀና ስንል እዚያው አገኘናቸው። አንድ ትንሽ ልጅ ከዚያ ወዲያ እጃቸውን አልለቀቀም፤ «አባባ፥ ይህስ? አባባ፥ ያስ?» እያለ።

በዕረፍት ሰዓት ሸራ ዘርግተን ቡና ተፈላ። አንዲት እናት ቀዱ፤ ለሁሉም አዳረሱ፤ ከሽማግሌው ዘንድ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ማንም አልተናገረም። እኛም አልተናገርንም፤ ይህን የምንነግራችሁ ስለዚህ ነው። ስለ እኩልነት በዚህ አዳራሽ ስንት ምሽት የተከራከርን ሰዎች ነን። ሽማግሌው «እኔስ አልጠማኝም» ብለው ተነሥተው ከሸራው ውጭ ከዛፍ ሥር ተቀመጡ። ዝናብ ያካፋ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት አልመጡም። ቤታቸው ድረስ ሄደን ስንለምናቸው «መንገዱን አሁን ታውቁታላችሁ» ብቻ አሉን። ያን ሌሊት እርስ በርሳችን ተከራከርን። ከመካከላችን ግማሾቹ «ሁሉም ሰው ስኒውን ከቤቱ ይዞ ይምጣ፤ ጥያቄው አይነሣም፤ ትምህርቱም አይሰናከል» አሉ። ሌሎቻችን ይህ የደኑን አፈር እየጠበቅን የሰውን ክብር እንደ ማስሸርሸር ነው አልን። በድምፅ ተወሰነ፤ የስኒው ሐሳብ በአንድ ድምፅ ወደቀ። ሽማግሌውንም እንደገና ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ አስቀድመን ለቤተሰቦቹ ሁሉ «ቡናው በዕድሜ ቅደም ተከተል ይቀዳል» ብለን አስታወቅን። በዕድሜ ከእርሳቸው የሚበልጥ አልነበረም። በአምስተኛው ጉዞ መጡ። የመጀመሪያው ስኒ ለእርሳቸው ተቀዳ፤ የቀዱት እኚያው እናት አይደሉም፥ የሌላ ቤት አያት ናቸው። ሁለት ቤተሰቦች ከዚያ ወዲህ ተመልሰው አልመጡም። ትክክል ሠርተን እንደ ሆነ ከእናንተ መስማት እንወዳለን፤ ከመካከላችን ዛሬም በዚህ የማይስማሙ አሉ።

ስለ ሌላው ዓለም ጥቂት እንጨምር። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1957 ጎስታ ፍሮም የተባለ ሰው ልጆችን በማናቸውም የአየር ጠባይ ወደ ጫካ የሚያወጣ ትምህርት ጀመረ፤ «ስኩግስሙሌ» የሚባል የጫካ ተረት ፍጡር ፈጥሮ ልጆቹን በእርሱ ስም ያስተምራቸው ነበር። ሥራው ከዚያ አገር ወጥቶ እስከ ጃፓን ደርሷል። በበረዶ ውስጥ ሕፃን ልጅ የሚያወጡ ሰዎች ካሉ የእኛ ዝናብ ምን ይባላል? ነገር ግን ተረቱን ከስዊድን መዋስ አያስፈልገንም። በሰሜኑ አገራችን በክረምቱ ልብ ልጆች ለቡሄ ጅራፍ ያጮኻሉ፤ በነሐሴ አጋማሽ ሴቶች ልጆች ለአሸንዳ ቄጠማ ይነቅላሉ፤ ክረምቱ ሲወጣ አደይ ለመልቀም መስክ ይወርዳሉ። በክረምት ደጅ መውጣትን ልጆቻችን ያውቁት ነበር ማለት ነው፤ የረሳው ከተሜው ነው።

«ችግኝ ተከላውስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል፤ ከመካከላችንም ብዙዎቻችን በዚያ ቀን ጭቃ ነክተናል። በክረምት ቤተሰብን ሁሉ ከቤት ያወጣ ሥራ በመሆኑ እናመሰግነዋለን። በከፋ ግን ሁለት ነገር ይጨመርበት እንላለን። አንደኛ፥ የተከለው ልጅ በሚቀጥለው ሐምሌ ችግኙን ሄዶ ይይ። ሁለተኛ፥ የከፋ ደን ዘሩን ራሱ ይዘራል። በአንድ ቀረሮ ሥር በሐምሌ ብትቀመጡ በዙሪያችሁ የበቀለውን ግልገል ዛፍና የቡና ችግኝ ቆጥራችሁ አትጨርሱትም። እንዲህ ባለ ቦታ ከፍ ያለው ሥራ እናት ዛፎቹን አለመቁረጥና ግልገሎቹን ከከብት መጠበቅ ነው። ይህንንም የአካባቢው ገበሬ ያውቃል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ በቦንጋ የጀመረው የአሳታፊ ደን አስተዳደር ሥራ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፤ በደኑ የሚኖረው ሕዝብ በማኅበር ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር ውል ይገባል፤ ይጠቀማል፥ ይጠብቃልም። ውሉን የሚፈርሙት ግን አባቶች ናቸው። ነገ ውሉን የሚወርሱት ልጆች ደኑን በፀሐይ የሚሥሉ ከሆነ ወረቀቱ ምን ይጠቅማል?

ከእኛ በፊት የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፥ ኋላም በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጥተዋል። የወጡት ለማስተማር ነው። እኛም እንዲሁ ወጣን፤ ስድስት ጉዞ ተጉዘን ስንመለስ ግን ማስታወሻ ደብተራችን የሞላው በተማርነው ነው። መምህራኖቻችን ይህን እንደ ነቀፌታ እንዳይቆጥሩብን እንለምናለን። በተለይ የሥነ ሕይወትና የጂኦግራፊ መምህራን አንድ ነገር ቢያደርጉልን ደስ ይለናል፤ የዓመቱን የመስክ ሥራ ከጥር ወደ ሐምሌ ቢያዛውሩት። ዩኒቨርሲቲው በክረምት ዝግ መሆኑን እናውቃለን። ለዚሁ ነው የምንለምነው።

በመጨረሻ ወደ ጫማው። በመጪው ክረምት ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጧት እንወጣለን። ሠላሳ ያህል ቤተሰብ ተመዝግቧል፤ ያለን የልጆች ቦት ጫማ 11 ጥንድ ብቻ ነው። ጫማ የሌለው ልጅ አይወጣም የሚለው ደንባችን እንደ ጸና ነው፤ ደንቡም ድኻውን እንዳያስቀር የሚፈለገው ገንዘብ ሳይሆን በየቤታችሁ ታናናሽ ወንድሞቻችሁና እኅቶቻችሁ ያደጉበት ቦት ነው። አሮጌ ቢሆን ግድ የለም፤ ቀዳዳ ያለውን ግን አንቀበልም። ከናንተም አብሮን ሊወጣ የሚወድ ካለ መመዝገቢያው ወረቀት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል፤ ከስማችሁ አጠገብ የጫማ ቁጥራችሁን ጻፉ።